ሳይቀልጥ የሚወጣ ብረት

ቀይ ድንጋይ፣ ከሰል፣ ጭቃ፣ ሁለት የፍየል ቆዳና ሙያ። ከአፈር ውስጥ ብረት ለማውጣት ከዚህ ሌላ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። ብረት ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን ጭስ የሚተፋ ፋብሪካና ከምድጃ የሚፈስ ቀይ ፈሳሽ ነው። የሰው ልጅ ግን ከማዕድን ብረት ማውጣት ከጀመረ ከ3,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከቻይና በስተቀር፣ ከዚህ ዘመን አብዛኛውን ያሳለፈው ብረቱን ሳያቀልጥ ነው። የአገራችን ማረሻ፣ ጦርና ማጭድ ለብዙ መቶ ዓመታት የተሠሩት ከእንዲህ ዓይነት ብረት ነው። የላሊበላን ዐለት የፈለፈሉት መሮዎችም እንደዚሁ። ሌላ ምን ብረት ነበርና?

ስለዚህ ነገር የምጽፈው ስለሚያንገበግበኝ ነው። ሙያው ነበረን። ባለሙያዎቹን ናቅናቸው። ሙያውም ከነሱ ጋር ሄደ። አሁን ደግሞ ሀብታሙ ዓለም ስንትና ስንት ገንዘብ እያፈሰሰ ብረትን ሳያቀልጡ ማውጣትን እንደገና እየተማረ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ መጀመሪያ ላስረዳ። ኬሚስትሪ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ አይዟችሁ፣ አጭር ነው።

ብረት ብቻውን ሆኖ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ውስጥ ነው። በተረፈ ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ቀዩ አፈራችን ቀይ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የቆርቆሮ ዝገትም ያው ነው። ስለዚህ ብረት ማውጣት ማለት ኦክስጅኑን ማስለቀቅ ማለት ነው። ማስለቀቂያው ከሰል ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። በክረምት ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው የሚተኙ ሰዎችን የሚገድለው ጋዝ እሱ ነው። ምድጃ ውስጥ ግን ይኸው ጋዝ ኦክስጅኑን ከማዕድኑ ላይ ነጥቆ ይሄዳል። የሚቀረው ብረት ነው።

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በወናፍ የሚነፋ የጭቃ ምድጃ ብዙውን ጊዜ 1,200 ወይም 1,300 አካባቢ ይቆማል። ከዚያ በላይ መድረስም አያስፈልገውም። ኦክስጅኑ መላቀቅ የሚጀምረው ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። በ1,200 አካባቢ የሚቀልጠው ከብረቱ ጋር ያለው ቆሻሻ ነው። እሱም የሚቀልጠው ከማዕድኑ ጥቂቱን ይዞ ነው። አሸዋ ብቻውን በዚህ ሙቀት ንቅንቅ አይልም፤ የብረት ኦክሳይድ ሲገባበት ግን ይፈሳል። ስለዚህ ይህ አሠራር ሁልጊዜ የተወሰነ ብረት ይገብራል። ጥቂቱን ትሰጣለህ፣ የቀረውን ንጹሕ አድርገህ ትወስዳለህ።

ቆሻሻው ቀልጦ ወደ ታች ሲወርድ የብረት ቅንጣቶቹ ሳይቀልጡ እርስ በርስ እየተጣበቁ አንድ ጓል ይሆናሉ። ጓሉ ቀዳዳ ይበዛበታል። በሆዱ የከሰል ፍርፋሪና የቀረ ቆሻሻ ይይዛል። እንደጋለ ሲቀጠቀጥ ቆሻሻው ይወጣል፣ ብረቱ ይጠቀጠቃል። መዶሻ ሥር ገብቶ ሲወጣ የሚሠራበት ብረት ሆኗል።

ብላስት ፈርነስ የሚባለው ትልቁ የማቅለጫ ምድጃ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ቁመቱ ይረዝማል፣ አየሩ በኃይል ይገባል፣ ብረቱ ከነዳጁ ጋር ረጅም ጊዜ ይቆያል። ያኔ እስከ 4 በመቶ የሚደርስ ካርቦን ይጠጣል። ካርቦን የጠጣ ብረት ደግሞ በ1,150 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ይቻላል፣ ግን ቶሎ ይሰበራል። ማረሻ ወይም ጎራዴ እንዲሆን ካርቦኑን መልሶ ማውጣት ያስፈልጋል። ቻይናዎች ብረት አቅልጦ ማፍሰስ የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው። አውሮፓ እዚህ የደረሰችው በመካከለኛው ዘመን ነው። የዚህ ምድጃ ትልቁ ጉልበት ብዛት ነው፤ አንዴ ከተለኮሰ ለዓመታት ሳይጠፋ ያመርታል። ዛሬ የዓለም ብረት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ከነሐስ መሆኑ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። የብረት መድፍ ለማፍሰስ ብረቱ መቅለጥ አለበት። የኛ ምድጃዎች የሚሰጡት ብረት ደግሞ በምድጃዎቹ ሙቀት የማይቀልጥ ብረት ነበር። ነሐስ በ1,000 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። መድፉ በተሠራበት በጋፋት የሆነውን ብዙ ሰው በፖለቲካ ብቻ ነው የሚያወራው። የምድጃ ሙቀትም በታሪኩ ውስጥ አለበት።

የምኖረው ስዊድን ነው። እዚህ አገር የብረት ታሪክ በዋዛ አይታይም። ኖርበሪ አካባቢ ላፕሂታን የሚባል ቦታ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1150 እስከ 1350 ባለው ዘመን የሠራ፣ በአውሮፓ ከታወቁት ጥንታዊ ብላስት ፈርነሶች አንዱ ነው። ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የገበሬዎቹ ታሪክ ነው። በደቡቡ ክፍል በስሞላንድ ሐይቆች ወለል ላይ የብረት ማዕድን ይተኛል። ገበሬዎቹ በክረምት በረዶውን እየበሱ በረጅም እንጨት ጫፍ ባሰሩት መዝገኛ ከሐይቁ ሥር ያወጡት ነበር። ብረት የሚሠራ ገበሬ እዚህ አገር የተከበረ ሰው ነው። የጥንት ሙያ ወዳጆች ዛሬም በበጋ እየተሰበሰቡ የጭቃ ምድጃ ያነዳሉ። እኔም ሄጄ አይቻለሁ። ወናፍም ይዣለሁ።

ምድጃው ወገብ ድረስ ይመጣል። ከጭቃ፣ ከአሸዋና ከጭድ የተለሰነ ነው፤ ግድግዳው ከስንዝር ይወፍራል። ከታች ቆሻሻው የሚወርድበት ቀዳዳ አለ። ከዚያ ከፍ ብሎ የሸክላ ቧንቧ በትንሹ ወደ ታች አዘንብሎ ገብቷል። አየሩ የሚገባው በሱ ነው። ማዕድኑ ከረግረግ የወጣ የዝገት መልክ ያለው አፈር ነበር። መጀመሪያ በእንጨት እሳት ላይ ይቆላል። ውኃው ይወጣና ጥቁር ቀይ ይሆናል፣ ይሰነጣጠቃል። ሽንብራ ሽንብራ ያክል ተደርጎ ይከሰከሳል። ማግኔት ሲያስጠጉበት ይነሳል። ከመቆላቱ በፊት አይነሳም ነበር። እዚያ ስደርስ ልቤ ሞቀ። አፈር ነው ብለህ የረገጥከው ነገር ብረትነቱን ሲናገር በዓይንህ ታያለህ።

ከዚያ ማጉረስ ነው። አንድ ዝግን ከሰል፣ አንድ ዝግን ማዕድን። እንደገና ከሰል፣ እንደገና ማዕድን። ከላይ በኩል ነበልባል ይወጣል፤ ሰማያዊና ቢጫ ነው። የሚነደው ያው ገዳዩ ጋዝ ነው። ሥራውን የሚመሩት አዛውንት ብዙም አይናገሩም። በቧንቧው ጫፍ ያለውን የእሳት ቀለም ያያሉ፣ ድምፁን ያዳምጣሉ። ነጭ ሲበዛ ንፋሱን ቀነስ ያስደርጋሉ። ቆሻሻ ቧንቧው አፍ ላይ ረግቶ ሲዘጋው በዘንግ ይወጉታል። ቴርሞሜትር አንድም ቦታ የለም። ከሰዓት በኋላ የታችኛውን ቀዳዳ ከፈቱት። የቀለጠው ቆሻሻ ቀይ ሆኖ ወጣ፣ ሲሄድ ጠቆረ፣ ገመድ ገመድ እየመሰለ ረጋ። የብረት አር የሚሉት ይህ ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት ይሰበራል። አርኪዮሎጂስቶች ከሺህ ዓመት በኋላ የሚያገኙት እሱን ነው፤ ብረቱ ዝጎ ያልቃል፣ አሩ ይቀራል።

አመሻሹ ላይ የፊቱን ግድግዳ አፈረሱና በረጅም ጉጠት ጓሉን ጎተቱት። ከምድጃ ተረስቶ ያረረ ድፎ ዳቦ ይመስላል። ግን እያበራ ነው። ግንድ ላይ አስቀመጡትና በእንጨት መዶሻ መምታት ጀመሩ። በብረት መዶሻ ቶሎ ከተመታ ይበታተናል አሉኝ። በየምቱ ከውስጡ የቀለጠ ቆሻሻ ይረጫል። ግንዱ ይጨሳል። ጓሉ እየጠነከረ ሲሄድ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል። መጀመሪያ ድፍን ያለ ነው፣ ኋላ ላይ እየጠራ ይመጣል። በመጨረሻ በመጥረቢያ እስከ መሃሉ ሰነጠቁት። ውስጡ ብር መስሎ አበራ። ጆንያ ሙሉ ማዕድንና ከዚያ የበለጠ ከሰል ገብቶ የወጣው አንድ ሰው በእጁ የሚይዘው ነገር ነው።

ልጆች ከብበው ያያሉ። ወላጆቻቸው "ቀረብ ብላችሁ እዩ" ይሏቸዋል። እኔ ያደግኩት ሌላ ነገር እየሰማሁ ነው። አያቴ ገበያ ስትወስደኝ ቀጥቃጮቹ የተቀመጡበት ጋ ስንደርስ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ዓይን እንዳይበላኝ ነው። አያቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። እኔን የምትወደኝን ያህል እነሱን ትፈራቸው ነበር፤ ማጭድ የምትገዛው ግን ከነሱ ነው።

ይህን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም። ጠይብ፣ ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን፣ መቃብር የሚቆፍር። ይህ ሁሉ የሚባለው እሳትና ብረት በሚያውቅ ሰው ላይ ነበር። መሬት አያገኝም፣ ልጁን የሚያገባለት የለም፣ በዕቃው የሚጠጣ የለም። በጎንደር አካባቢ ብዙውን ጊዜ ስሙ የሚጠፋው ቤተ እስራኤል ነበር፤ ወንዱ ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። በኦሮሞ ቱምቱ ይባላል፣ እሱም ተለይቶ ይኖር ነበር። በደቡብም በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ብረት ሠሪ ከባለ እርሻው ጋር ጋብቻ አልነበረውም። ክረምት ሊገባ ሲል ግን ሁሉም ማረሻውን ይዞ ደጃፉ ላይ ይሰለፋል። ማረሻው ካልተሳለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እንጀራ የለም። እንጀራውን አብሮ የማይበላው ሰው ነው እንጀራውን የሚያስገኘው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ሁሉ ስማቸውን ጠርተው ነው የተከላከሉላቸው። አዋጁ ሲነበብ ደስ ይላል። ሰው ግን በአዋጅ ብቻ ከፍርሃቱ አይላቀቅም።

ይህ የአፍሪካ ሁሉ ዕጣ አልነበረም። በሩዋንዳ ንጉሥ ቺሪማ ሩጁጊራ የሞተው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። መቃብሩ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቆፈር ራስጌው ላይ የብረት መቀጥቀጫ መስፎች ተገኝተዋል። እዚያ መስፍ የንጉሥ ምልክት ነበር። ቡርኪና ፋሶ ደግሞ ጥንታዊ የብረት ማውጫ ቦታዎቿን እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አስመዝግባለች። ከቦታዎቹ አንዱ፣ ዱሩላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን የነበረ ሥራ ማስረጃ ያለበት ነው። እነዚያ ምድጃዎች ከጭቃና ከድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ለነሱ ቅርስ ናቸው።

እኛስ ምን ነበረን? የብረት ንግዱ ጥንት ነው። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት በግሪክኛ የተጻፈ የነጋዴዎች መመሪያ በአዱሊስ በኩል የሚገቡ ዕቃዎችን ሲዘረዝር ብረት ይጠቅሳል፤ ለዝሆንና ለሌሎች አውሬዎች እንዲሁም ለጦርነት የሚሆን ጦር ይሠሩበታል ይላል። ከህንድም ብረትና አረብ ብረት (ስቲል) ይመጣ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ግን ለሁሉም አይደርስም። መሃል አገርና ደቡብ ያለው ገበሬ የሚያርሰው በአካባቢው በወጣ ብረት ነበር። ደቡብ ኦሞ ውስጥ የዲሜ ሕዝብ በዚህ የታወቀ ነው። ከተራራቸው ማዕድን ቆፍረው፣ በጭቃ ምድጃ አንድደው፣ በወናፍ ነፍተው ብረት ያወጡ ነበር። ጎረቤቶቻቸውም ከነሱ ይገዙ ነበር። ወለጋም ውስጥ የጥንት ብረት ማውጫዎች የጣሉት አር እስከ ዛሬ መሬት ላይ አለ። በእርሻው ላይ ጥቁር ከባድ ድንጋይ የሚያገኝ ገበሬ ብዙ ነው። ያ ድንጋይ ድንጋይ አይደለም፤ የአንድ ሰው የቀን ሥራ ትርፍራፊ ነው።

ሙያው የሞተው በንቀት ብቻ ነው ብዬ አልሟገትም። ርካሽ ብረት ከአውሮፓ መጣ። ባቡር መጣ፣ መኪና መጣ። የመኪና ባሌስትራ እያለ ማን ማዕድን ቆፍሮ፣ ዛፍ ቆርጦ ከሰል አክስሎ፣ ቀኑን ሙሉ ወናፍ ይነፋል? ዛሬ በየገበያው ያለ ቀጥቃጭ የሚሠራው ከአሮጌ ብረት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ እዩ። ከበርሜል ምድጃ፣ ከባሌስትራ ቢላዋ፣ ከቆርቆሮ ሳጥን ይወጣል። እነዚያ ሰዎች ያስደንቁኛል። ብረቱን ያውቁታል። ብረቱ ከየት እንደሚጀምር የሚያሳያቸው ግን አላገኙም፤ ያቺ የመጀመሪያዋ ሙያ ከአባቶቻቸው አባቶች ጋር ተቀብራለች።

ወደ ጭቃ ምድጃ እንመለስ የሚል ሰው ካለ እኔ አልተባበርም። አንድ ኪሎ ብረት ብዙ ኪሎ ከሰል ይበላል። ያን ያህል ዛፍ የለንም። የምቆጨው ስለ ምርቱ አይደለም። የምቆጨው ስለ ዕውቀቱ ነው። ዕውቀት ጥቅም ላይ ባይውልም ተመዝግቦ መቀመጥ ይችላል። ሌሎች ይህን አድርገዋል።

ታንዛኒያ ውስጥ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ምዕራብ ዳርቻ፣ የሃያ ሕዝብ ይኖራል። እነሱም ብረት ያወጡ ነበር፤ በቅኝ ግዛት ዘመን የገባው ብረት ሥራቸውን አስቆመው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አርኪዮሎጂስቱ ፒተር ሽሚት በወጣትነታቸው ሥራውን የሚያውቁትን አዛውንቶች ፈልጎ አገኛቸው። እንደገና እንዲሠሩት ጠየቃቸው። አዛውንቶቹ ለብዙ አሥርት ዓመታት አልነኩትም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አልሆኑላቸውም። ቀስ በቀስ ግን እጃቸው አስታወሰ። ምድጃውን በምስጥ ኩይሳ ጭቃ ሠሩት። ታች ያለውን ጉድጓድ ተቃጥሎ ከሰል በሆነ የረግረግ ሣር ሞሉት። የሸክላ ቧንቧዎቹን ወደ ምድጃው ውስጥ ዘልቀው እንዲገቡ አደረጓቸው። አየሩ እሳቱ ጋ ሳይደርስ በቧንቧው ውስጥ እያለፈ ይሞቃል። ይህ ቀድሞ የሞቀ አየር የምድጃውን ሙቀት ምን ያህል ከፍ ያደርገዋል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ብረቱ ግን ወጥቷል። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1978 ሳይንስ መጽሔት ላይ ታተመ፤ አዛውንቶቹ የሚያውቁት ነገር የዓለም ዕውቀት ሆነ። እነዚያ ሽማግሌዎች አሥር ዓመት ቀድመው አልፈው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ጃፓኖች ደግሞ ከዚህም ርቀው ሄደዋል። የነሱ ምድጃ ታታራ ይባላል። ማዕድናቸው ከወንዝና ከተራራ የሚታጠብ ጥቁር የብረት አሸዋ ነው። ከዘመናዊ ፋብሪካ ጋር ተወዳድሮ ስላላዋጣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተዳከመ፤ ለጎራዴ ሲባል የቀጠለውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቆመ። የጎራዴ ሠሪዎቹ ግን ተቸገሩ። የታታራ ብረት ካልሆነ የጃፓን ጎራዴ እንደ ጥንቱ አይሆንም። ስለዚህ የጎራዴ ጥበብን የሚጠብቀው ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ሺማኔ ግዛት ኦኩኢዙሞ ላይ ታታራውን እንደገና አስነሳው። ሥራውን የመሩት ቀድሞ በታታራ የሠሩት አቤ ዮሺዞ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ከሥራቸው ወጣቶች ተማሩ። ያ ምድጃ ዛሬም በየዓመቱ በአገሩ የብርድ ወራት ይነዳል።

አንዱ ዙር ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ይፈጃል። በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ አሸዋና ከሰል ይጨመራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 10 ቶን ያህል የብረት አሸዋና 12 ቶን ያህል ከሰል ይገባል። ዋናው ባለሙያ በዚህ ሁሉ ሰዓት ደህና እንቅልፍ አይተኛም፤ የነበልባሉን ቀለም እያየ ይወስናል። የምድጃው ግድግዳ ራሱ እየቀለጠ ከቆሻሻው ጋር ይወርዳል፤ ሆን ተብሎ ነው፣ ጭቃው የሥራው አካል ነው። ግድግዳው ሲሳሳ ሥራው አበቃ። ምድጃው ይፈርሳል፣ ከሥሩ 2.5 ቶን ያህል የሚመዝን ጓል ይወጣል። ከዚያ ውስጥ ለጎራዴ የሚሆነው ምርጡ ክፍል ተለቅሞ በመላ አገሪቱ ላሉ አንጥረኞች ይከፋፈላል። የመርህ ጉዳይ ከሆነ ከኛው የተለየ ነገር የለውም። ጭቃ፣ ከሰል፣ ንፋስና ዓይን። ልዩነቱ እነሱ ባለሙያውን መምህር አደረጉት።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። ብላስት ፈርነስ ችግር አለበት። አንድ ቶን ብረት በሱ ሲመረት ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ዓለም በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን ገደማ አረብ ብረት ታመርታለች። ስለዚህ መሐንዲሶች ብረትን ሳያቀልጡ ወደ ማውጣት ዞረዋል። ነገሩ ከዜሮ የተጀመረ አይደለም። ሜክሲኮ፣ ሞንቴሬይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ፋብሪካ ቆሟል። ዛሬ ግብፅና ሊቢያ በጋዝ፣ ህንድ ደግሞ በብዛት በድንጋይ ከሰል ይሠሩበታል። ማዕድኑ እንደ ጠጣረ ይገባል፣ እንደ ጠጣረ ይወጣል። ኦክስጅኑ ብቻ ይሄዳል። ስፖንጅ ብረት ይሉታል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቀልጣል።

እዚሁ ስዊድን፣ ሰሜን ሉሌዮ ውስጥ፣ ሃይብሪት የሚባለው ፕሮጀክት በጋዙ ፈንታ ሃይድሮጅን ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሙከራ ፋብሪካው ተመረቀ፤ በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው ብረት ለቮልቮ ተሰጠ። ሃይድሮጅኑ ኦክስጅኑን ይወስድና ውኃ ይሆናል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው እንፋሎት ነው ማለት ነው። ወደ ትልቅ ፋብሪካ ማሳደጉ ከታሰበው በላይ እየዘገየ ቢሆንም ብረት እንደሚወጣ ተረጋግጧል። የፋብሪካውን ሥዕል ሳየው የጭቃውን ምድጃ ነው ያየሁት። ማዕድን ከላይ ይገባል። ጋዝ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ብረቱ ሳይቀልጥ ይነጻል።

ይህ ለኛም አገር የሚመለከት ነገር ነው። ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አካባቢ ቢቂላል የሚባል የብረት ማዕድን ክምችት አለ። ለማዳበሪያ የሚሆን ፎስፌትም አብሮት ይገኛል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በሃይድሮጅን አንድ ቶን አረብ ብረት ለማምረት 3,500 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። አንድ ሚሊዮን ቶን ለማምረት 3,500 ጊጋዋት ሰዓት ይሆናል። ከግድቡ በዓመት ይጠበቃል ከሚባለው ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ስንሰላው ከአምስት እጁ አንድ እጅ በላይ ነው። ብዙ ነው። ያን ኃይል ለመብራት፣ ለውኃ ወይስ ለብረት የሚለውን ባለሙያ ተቀምጦ ማስላት አለበት። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቻችን ስለ ሃይብሪት ሲማሩ ስለ ዲሜም ቢማሩ ምን ነበረበት? የጭቃ ምድጃ ግቢ ውስጥ ሠርቶ አንድ ጓል ብረት ያወጣ ተማሪ፣ ማዕድን ምን እንደሆነ በእጁ ያውቃል። ወጪው ጭቃ፣ ጥቂት ከሰልና አንድ ቅዳሜ ነው።

ደግሞ ጊዜው እየሄደብን ነው። ሥራውን በልጅነቱ ያየ ሰው ዛሬ በጣም አርጅቷል። ይህን የምታነቡ ከዲሜ፣ ከወለጋ፣ ከጎንደር፣ ከሌላም አካባቢ የብረት ሠሪ ቤተሰብ ያላችሁ ብትኖሩ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አያቶቻችሁን ጠይቋቸው። በናንተ ላይ የተባለው ስድብ አፋቸውን ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ማዕድኑ ከየትኛው ኮረብታ ይመጣ ነበር? ጥሩው ከመጥፎው በምን ይለያል፤ በቀለሙ ነው፣ በክብደቱ፣ በምላስ ይቀመሳል? ከሰሉ ከምን ዛፍ ነበር? ጭቃው ውስጥ ምን ይቀላቀል ነበር? ስንት ወናፍ፣ ማንስ ይነፋ ነበር? ሲነፉ ምን ይዘፍኑ ነበር? እሳቱ "በቃ" የሚባለው በምን ይታወቅ ነበር? በስልካችሁ ቅዱት፣ በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩ። የአር ክምር ያለበትን ቦታ ካሳዩዋችሁ ፎቶ አንሡት፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ምንም ነገር አታንሡበት። ቅጂውን አቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ወይም የአርኪዮሎጂ ክፍል ስጡ። አንዱን ደግሞ ለልጆቻችሁ አስቀሩ።